ሴት የብድር ባለሙያን ከመቅጠር እስከ ቅርንጫፍ ማስመራት፦ ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ዝርዝር መመሪያ

የማይክሮፋይናንስ ተቋማት ዓመታዊ ሪፖርት ሲያወጡ የሴት ተበዳሪዎችን ብዛት በመቶኛ ሳይገልጹ አያልፉም። ብድሩን ቀበሌ ድረስ ወርደው ከሚሠሩት፣ በብድር ኮሚቴ ተቀምጠው ከሚያጸድቁት፣ ቅርንጫፍ ከሚመሩት መካከል ሴቶቹ ስንት እንደሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ይህ መመሪያ ያንን ያልተጻፈ ቁጥር ለማወቅና ለመለወጥ ለሚፈልጉ የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ የቅርንጫፍ አስተባባሪዎች፣ ሥራ አስኪያጆችና የቦርድ አባላት የተዘጋጀ ነው።

ዋናውን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። ትልቁ ችግር ቅጥሩ ላይ ያለ አይመስለኝም። ሴቶች ይቀጠራሉ፤ ከገቡ በኋላ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይቀራሉ። አንደኛው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ነው፣ ሁለተኛው ከብድር ባለሙያነት ወደ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት በሚያሻግረው እርከን ላይ። በሁለቱም ቦታ ከሰው አስተሳሰብ ይልቅ የሚጥላቸው የሥራ አፈጻጸም የሚለካበት መንገድና የዝውውር አሠራር ነው። አስተሳሰብ ለመለወጥ ዓመታት ይፈጃል፤ የአፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ግን በአንድ ሩብ ዓመት ሊስተካከል ይችላል። ለዚህ ነው ከቅጹ እንድትጀምሩ የምመክረው።

1. ለቦርዱ የማይጨበጥ ተስፋ አትስጡ

"ሴት አመራር ካመጣን ትርፍ ይጨምራል" በሚል ክርክር ቦርድ ፊት አትቅረቡ። ጥናቶቹ የሚሉት እንደዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም።

የኖርዌይና የቤልጅየም ተመራማሪዎች በ73 አገራት የሚገኙ 329 ማይክሮፋይናንስ ተቋማትን መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሴት ዋና ሥራ አስኪያጅ ወይም ሴት የቦርድ ሰብሳቢ ያላቸው ተቋማት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አግኝተዋል። ነገር ግን ይህ የመጣው ቦርዱ የተሻለ ቁጥጥር ስላደረገ ነው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አላገኙም። አልባንያ ውስጥ በአንድ አበዳሪ ተቋም ላይ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሴት ባለሙያዎች የተያዙ ብድሮች የመበላሸት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመው የሜክሲኮ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አመጣ፤ እዚያ ብድር በማስመለስ የተሻሉት ወንዶቹ ነበሩ።

እነዚህ ጥናቶች እርስ በርስ የተጣረሱ ቢመስሉም ለሥራችን ጠቃሚ ነገር ይነግሩናል። የብድር ባለሙያ ውጤት የሚወሰነው በጾታው ብቻ ሳይሆን ሥራው በተደራጀበት መንገድ፣ በደንበኛው ዓይነትና በአካባቢውም ነው። ስለዚህ ለቦርዱ መቅረብ ያለበት ጥያቄ "ሴቶች ይሻላሉ ወይ?" ሳይሆን "ጎበዝ ሴት ሠራተኞቻችንን የሚያሳጣን የራሳችን አሠራር የትኛው ነው?" የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በራሳችሁ መዝገብ መመለስ ትችላላችሁ።

ለኢትዮጵያ ተቋማት ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብድራችን በአብዛኛው የተመሠረተው በቡድን ዋስትና ላይ ነው፤ ቤት ወይም መኪና አስይዞ የሚበደር ጥቂት ነው። ማስያዣ በሌለበት ቦታ ተቋሙን የሚጠብቀው መረጃ ነው። ገንዘቡ እውነት ለበግ ማድለብ ዋለ ወይስ ባልየው ወሰደው? ከቡድኑ አባላት መካከል በሰው ስም የተበደረች አለች? እንዲህ ያለውን ነገር ሴት ደንበኛ ለሴት ባለሙያ በቀላሉ ታወራለች፤ ቤቷ ገብታ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ሳይጠረጥር። በሴት ደንበኛ ብዛት የሚኮራ ተቋም ደንበኞቹን የሚያውቅለትን ሠራተኛ ቢያጣ ጉዳቱ ቀጥታ ወደ ብድር አመላለሱ ይሄዳል።

2. በየእርከኑ ቁጠሩ

"ከሠራተኞቻችን 40 በመቶው ሴቶች ናቸው" የሚል ድምር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከ40ዎቹ ውስጥ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጸሐፊና ጽዳት ስንት እንደሆኑ አይናገርም። የደመወዝ መክፈያውን ከሒሳብ ክፍል ውሰዱና ሠራተኛውን በእርከን ለዩት፦ የድጋፍ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ፣ የብድር ባለሙያ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ የመምሪያ ኃላፊ፣ ሥራ አመራር፣ ቦርድ። በእያንዳንዱ እርከን ያለውን የሴቶች ድርሻ ለብቻ አስሉ።

ከዚያ ያለፉትን ሦስት የበጀት ዓመታት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ወስዳችሁ ሦስት እንቅስቃሴዎችን መዝግቡ፦ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን አደገ። ሥራ የለቀቁ ሴቶችን በተመለከተ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ቀን ከወሊድ ፈቃድ መዝገብ ጋር አስተያዩ። ደብዳቤው "በግል ጉዳይ" ሊል ይችላል። ቀኑ ግን ከወሊድ ፈቃድ መልስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሆነና ይህም ከተደጋገመ፣ ጉዳዩ የግል አይደለም፤ የተቋሙ ነው።

ይህ ሥራ ኮምፒውተርም ሆነ አማካሪ የሚጠይቅ አይደለም። ፋይሉን የሚያውቅ አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ ጊዜ ከተሰጠው ይጨርሰዋል።

3. የብድር ባለሙያዎችን ውጤት በትክክል አወዳድሩ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው፤ ሳትቸኩሉ አንብቡት። በብዙ ቅርንጫፍ እድገትም ሆነ ማበረታቻ የሚሰጠው በሁለት ቁጥሮች ነው፦ በተሰጠው ብድር መጠንና ከ30 ቀን በላይ በዘገየው ብድር ድርሻ፣ በተለምዶ ፓር 30 በምንለው። ሁለቱም ያለ ጥንቃቄ ከተነበቡ ሰው ይበድላሉ።

በመጀመሪያ አሰላሉን አጥሩ። ፓር 30 ማለት ክፍያቸው ከ30 ቀን በላይ የዘገየባቸው ብድሮች ጠቅላላ ቀሪ ሒሳብ፣ ለጠቅላላ ቀሪ ብድር ሲካፈል ነው። የዘገየውን የወር ክፍያ ብቻ የሚወስዱ ቅርንጫፎች አሉ፤ ስህተት ነው። አንዲት ደንበኛ 20 ሺህ ብር ቀሪ ኖሮባት የ2 ሺህ ብር ክፍያ ካለፋት፣ አደጋ ላይ ያለው 20 ሺው ሁሉ ነው።

አሁን ሁለት ባለሙያዎችን በምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው ከተማ አካባቢ ይሠራል፤ 8 ሚሊዮን ብር ቀሪ ብድር ይዟል፣ ከዚህ 240 ሺው ከ30 ቀን በላይ ዘግይቷል። ፓሩ 3 በመቶ። ሁለተኛዋ ራቅ ያሉ ቀበሌዎችን ይዛለች፤ 5 ሚሊዮን ቀሪ ብድር፣ 250 ሺህ የዘገየ። ፓሯ 5 በመቶ። የዓመቱ መጨረሻ ሠንጠረዥ ላይ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ይጻፋሉ።

መዝገቡን ከፈት እናድርገው። እሷ ከያዘችው 5 ሚሊዮን ውስጥ 1 ሚሊዮኑ ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ሰጥቶት የሄደ ነው፤ ከ250 ሺው የዘገየ ብድርም 150 ሺው የዚያ ውርስ ነው። ራሷ የሰጠችውን ብቻ ብናይ 4 ሚሊዮን ላይ 100 ሺህ፣ ማለትም 2.5 በመቶ ነው። እሱ ደግሞ ከ8 ሚሊዮኑ 2.5 ሚሊዮኑን የሰጠው ባለፉት ሁለት ወራት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ገና አልደረሰም። ክፍያው ያልደረሰ ብድር ሊዘገይ አይችልም፤ የሚሠራው አካፋዩን ማሳደግ ብቻ ነው። ክፍያው ያልደረሰው ብድር ሲቀነስ 5.5 ሚሊዮን ላይ 240 ሺህ ይቀራል፣ ወደ 4.4 በመቶ። ደረጃው ተገለበጠ።

ይህ ምሳሌ ሴቷ ትክክል እንድትሆን ተብሎ የተዘጋጀ እንዳይመስላችሁ፤ በራሳችሁ መዝገብ ውጤቱ በየትኛውም ወገን ሊወድቅ ይችላል። ነጥቡ የተወረሰ ብድርና ገና ያልበሰለ ብድር ካልተለዩ ማንም በትክክል አይመዘንም የሚለው ነው። ዘግይቶ የሚቀጠርና የሰው ፍርስራሽ የሚረከብ ሠራተኛ በዚህ አሰላል ይበልጥ ይጎዳል። በብዙ ቦታ ደግሞ አዲሶቹ ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ የመመዘኛ ቅጹ ላይ አራት ነገር ጨምሩ፦ ባለሙያዋ ራሷ የሰጠችው ብድር ፓር ለብቻ፤ የተረከበችው ብድር በተረከበችበት ቀንና አሁን ያለበት ሁኔታ፤ የመጀመሪያ ክፍያቸው በደረሰ ብድሮች ላይ ብቻ የተሰላ ፓር፤ እና የሚሸፈኑት ቀበሌዎች ርቀት። በተረከበችው ብድር ላይ 15 በመቶ የነበረውን ወደ 9 ያወረደች ባለሙያ ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ በድሮው ቅጽ ግን ከ9 በመቶው ጋር ትወቀሳለች።

ወቅቱንም አትርሱ። በእርሻ አካባቢ የመኸር ምርት ተሰብስቦ ገበያ ሲወጣ፣ ከጥር ጀምሮ፣ ክፍያ ይገባል። ክረምት ላይ መንገድ ይቆረጣል፣ ገንዘብ ይጠፋል። የአንዷን የነሐሴ ውጤት ከሌላው የየካቲት ውጤት ጋር ማስተያየት ትርጉም የለውም፤ ያንኑ ወር ካለፈው ዓመት ያው ወር ጋር አስተያዩ።

4. ማስታወቂያውንና ቃለ መጠይቁን ፈትሹ

"የሞተር መንጃ ፈቃድ ያለው/ያላት" የሚለው መስመር ብዙ ሴት አመልካቾችን ገና ሳያመለክቱ ያስቀራል። ሞተር መንዳት ለገጠር ብድር ሥራ ያስፈልጋል፤ ይህ አያከራክርም። ግን ከቅጥር በኋላ በተቋሙ ወጪ ሊማሩት የሚችሉት ነገር ነው። መስፈርቱን "በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ለመውሰድ ፈቃደኛ የሆነ/ች" ብላችሁ ለውጡት፣ ሥልጠናውንም በጀት ያዙለት። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ በእግርና በታክሲ የሚደረስባቸውን ቀበሌዎች መስጠት ይቻላል።

የወረዳው ተወላጅ የሆኑ ተመራቂዎችን መቅጠር ሴቶችን ለማቆየት በጣም ይረዳል፤ ቤተሰብ አጠገባቸው ስለሚኖር ልጅ ሲመጣ የሚያግዝ አያጡም። አደጋው የዘመድ ብድር ነው። ያደገችበትን ቀበሌ አትስጧት፣ ጎረቤት ወረዳ ወይም ሌላ ቀጣና ስጧት፤ የዘመድ ማመልከቻ ሲመጣ ሌላ ባለሙያ እንዲመረምረው ደንብ ይኑር።

ቃለ መጠይቅ ላይ "ልታገቢ አስበሻል? ልጅ አለሽ?" የሚል ጥያቄ አይጠየቅ። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጁና ከዚያ አትውጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅጥርም ሆነ በእድገት ውድድር ሴቷ ከወንዱ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ለሴቷ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ማይክሮፋይናንስ ተቋማት በሕግ አክሲዮን ማኅበር ሆነው ስለሚቋቋሙ ይህ አዋጅ ይመለከታቸዋል። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ይህን አንቀጽ ያስታውስ።

5. የመስክ ሥራውን ለሰው እንዲመች አድርጉ

ሴት የብድር ባለሙያን ከሥራ የሚያስወጣት ብዙ ነገር መስክ ላይም አለ። የቡድን ስብሰባ በገበያ ቀን ረፋድ ይካሄዳል፣ ክፍያ ይሰበሰባል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ያልመጡትን ቤት ለቤት መሄድ ይቀጥላል፤ ሲመሽ ባለሙያዋ ብዙ ሺህ ብር በቦርሳ ይዛ ብቻዋን ወደ ከተማ ትመለሳለች። ይህ ለወንዱም አደገኛ ነው። ወንዱ ችሎ ስላለፈ ግን አሠራር ሆኖ ቀረ።

ደንብ አውጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ገንዘብ አይሰበሰብ። አንድ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚችለው ጥሬ ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያው ሲሞላ በአቅራቢያው ባለ ባንክ ወይም ንዑስ ቅርንጫፍ ይግባ። ክፍያ በቴሌብርና በመሰል የስልክ አገልግሎት እንዲከፈል ደንበኛን አለማምዱ፤ ለስልክ ክፍያ የሚወጣው ወጪ ከዘረፋና ከጉድለት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ማደር የግድ ሲሆን የሚታወቅ፣ የተጣራ የማደሪያ ዝርዝር በቅርንጫፉ ይኑር፣ አበሉም ለዚያ ቤት የሚበቃ ይሁን። በአነስተኛ አበል ርካሽ አልጋ ፈልጊ ማለት ሴትን አታድሪ ማለት ነው። ከዚያም "መስክ ትጠላለች" ተብሎ ግምገማ ላይ ይጻፍባታል።

ስለ ማስመለስ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ብድር ሲበላሽ ከሽማግሌና ከቀበሌ አስተዳደር ጋር የሚደረገው ድርድር ብዙ ጊዜ ለወንዶች ይሰጣል፤ "ሴት ላይ ይጮሁባታል" በሚል አዛኝነት። ነገር ግን ሥራ አስኪያጅ የሚኮነው ይህን ሥራ በማወቅ ነው። አዲሷ ባለሙያ መጀመሪያ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ትሂድ፣ ቀጥሎ እሷ ትምራና እሱ ይቀመጥ፣ ከዚያ ለብቻዋ። መጠበቅና ማራቅ ይለያያሉ።

6. የወሊድ ፈቃድን እንደ ርክክብ ሥራ ያዙት

ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር። ለአባት 3 ቀን። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ከሥራ ማሰናበትም የተከለከለ ነው። አብዛኛው ተቋም ፈቃዱን ይሰጣል። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፤ አራት ወር ሙሉ የእሷን ደንበኞች ማን ይከታተላል?

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቀበሌዎቿ ለሁለት ባልደረቦቿ በቃል ይከፋፈላሉ። እነሱ የራሳቸው ሥራ ስላለባቸው ሲመቻቸው ብቅ ይላሉ። ደንበኛው ክትትል እንደላላ ሲያይ ክፍያ ያዘገያል፤ አንዷ ስትቀር ቡድኑ ሁሉ "እኔስ ለምን?" ይላል። ፓሩ ይወጣል። እናቲቱ ስትመለስ የተበላሸ መዝገብ ትረከባለች፣ ማበረታቻዋ ይቀራል፣ የዓመቱ ግምገማ ይወርዳል። የሦስት ወር ሕፃን ቤት ትታ ሩቅ ቀበሌ ውዝፍ ስታሳድድ ትከርማለች። ሥራ ብትለቅ ማን ይፈርድባታል?

ይህን ለማስቀረት እንዲህ አድርጉ።

እርግዝናዋ ስድስተኛ ወር ሲገባ፣ ካመነችበት፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የርክክብ ዕቅድ ታውጣ። የብድር ዝርዝሩ በሦስት ይከፈል፦ በጊዜው የሚከፍሉ፣ ክትትል የሚሹ፣ የዘገዩ። ክትትል ለሚሹት ከጎናቸው አጭር ማስታወሻ ይጻፍ፤ "ባሏ ታሟል፣ ከፋሲካ በፊት በግ ትሸጣለች" የሚል መስመር ተተኪውን ብዙ ምልልስ ያድነዋል።

ተተኪው ማን እንደሆነ በደብዳቤ ይወሰን። ከመውጣቷ በፊት በነበሩት ሳምንታት አብረው እያንዳንዱን ቡድን ይዙሩ፤ ደንበኛው ከእሷ አፍ "ከዛሬ ጀምሮ የሚሰበስበው እሱ ነው" ሲባል መስማት አለበት። የምትወጣበት ቀን ሒሳብ ተዘግቶ ሁለቱም ይፈርሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ውጤት፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በተተኪው ስም ይመዝገብ። ማበረታቻውንም እሱ ይውሰድ፤ ካልወሰደ ምን ብሎ ይደክማል? እሷ ደግሞ ከመውጣቷ በፊት የነበሩት አራት ሩብ ዓመታት አማካይ ማበረታቻ ይታሰብላት።

ስትመለስ እንደገና ርክክብ ይደረግ፣ እንደገና ሒሳብ ተዘግቶ ይፈረም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቅርብ ቀበሌዎቹን ትያዝ፣ ሩቆቹ ቀስ ብለው ይመለሱ። ለማጥቢያ ጊዜና ቦታ ይኑራት፤ በቅርንጫፍ ደረጃ ይህ አንዲት ንጹሕ ክፍልና በር የሚዘጋ ቁልፍ ማለት ነው።

አምስት ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ቀጣና አንድ ተቀያሪ የብድር ባለሙያ ሊኖረው ይገባል። ወሊድ ብቻ ሳይሆን ሕመም፣ ትምህርት፣ የዓመት ፈቃድም አለና ሥራ አይፈታም። የዚህን ሠራተኛ ደመወዝ በአራት ወር ክፍተት ከሚበላሸው ብድር ጎን አስቀምጡና አስሉት።

7. የሥራ አስኪያጅነትን መሰላል በሁለት ወገን ክፈቱ

ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚከማቹት ገንዘብ ያዥነትና ሒሳብ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት የሚወስድ መንገድ በብዙ ተቋም መመሪያ ላይ የለም፤ "የብድር ሥራ ልምድ" ይጠይቃል። ፍላጎት ያላትን ሒሳብ ሠራተኛ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ብድር ክፍል አዙሩ፣ ቦታዋንም የብድር ባለሙያ ይያዝ። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ የሒሳብ ሥራ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ጉድለትን በቶሎ ያያል።

የብድር ባለሙያዎቹን የሚያስቀረው ግን ዝውውር ነው። ያልተጻፈው ደንብ "እድገት የሚፈልግ የተመደበበት ይሂድ" ይላል፤ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሩቁ ቅርንጫፍ ይደርሰዋል። ባለትዳር ወንድ ቤተሰቡን ትቶ ይሄዳል። ባለትዳር ሴት ይህን ስታደርግ ትዳሯን አደጋ ላይ የጣለች ተደርጎ ይታያል። በዚህ ምክንያት ብቁዎቹ ሴቶች አያመለክቱም፣ ኮሚቴውም "አመልካች ሴት አላገኘንም" ብሎ ይዘጋል።

መፍትሔው ሩቅ ቅርንጫፎችን መተው አይደለም። የእድገት ቦታ ሲከፈት ቦታውን በስም አስታውቁ፤ ሰው የሚሄድበትን አውቆ ያመልክት። በአንድ ቀጣና ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎችን መጀመሪያ ለዚያው ቀጣና ሠራተኞች ክፈቱ። ሩቅ ምደባ የጊዜ ገደብ ይኑረው፦ ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለት ዓመት፣ በደብዳቤ ላይ የመመለሻው ቀን ተጽፎ። ገደብ የሌለው ምደባ ነው ሰው የሚያስፈራው።

እድገቱ ከመምጣቱ በፊት ልምዱ ይምጣ። ሥራ አስኪያጁ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሴት ባለሙያዋን በደብዳቤ ወክሏት፤ ቁልፍ፣ ፊርማና ኃላፊነት ይኑራት። በብድር ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ያለው መቀመጫ ስጧት። ቃለ ጉባኤ ያዢ ማድረግ ተሳትፎ አይባልም። በግምገማ ቀን "የአመራር ልምድ" የሚለው ሣጥን ባዶ የማይሆነው በእነዚህ ነው።

ወደ ባንክነት ለመሸጋገር ለሚያስቡ ተቋማት አንድ ማሳሰቢያ። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ጸደይ ባንክ፣ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ሲንቄ ባንክ፣ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ኦሞ ባንክ ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ሽግግር መዋቅሩ ይቀየራል፣ መስፈርቱ ይቀየራል፣ ከሌሎች ባንኮች ሰው ይመጣል። የመስክ ብድር ልምድ ለአዲሱ የሥራ መደብ ስንት ዓመት የባንክ ልምድ ሆኖ እንደሚቆጠር ምደባው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ ዓመታት የደከሙበት ሴቶች ከሠንጠረዡ ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ።

8. ቦርድ

የቦርድ አባል የሚመረጠው በባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ብዙዎቹ ተቋማት ደግሞ ባለአክሲዮኖቻቸው የክልል መንግሥታት፣ የልማት ድርጅቶችና ማኅበራት ናቸው፤ የአብቁተ ባለአክሲዮኖች ውስጥ የአማራ ሴቶች ማኅበር አንዱ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው የሚጻፈው ለባለአክሲዮን ድርጅቱ ኃላፊ ነው፣ ጉባኤው ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀድሞ፣ የሚፈለገውን ሙያ ለይቶ፦ ኦዲት፣ ሕግ፣ ብድር፣ ቴክኖሎጂ። "አንዲት ሴት ላኩልን" የሚል ደብዳቤ ለሚመጣውም ለሚልከውም ክብር የለውም።

ሴኔጋል ውስጥ በገንዘብ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ የተሠራ ጥናት ሴቶች የሚበዙባቸው ቦርዶች ወደ አነስተኛ ብድር እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ይህ የቦርድ ስብጥር ብድሩ ለማን እንደሚደርስ ይወስናል ማለት ነው፤ የአባላቱን ስብጥር እንደ ጌጥ አትዩት።

9. ጾታዊ ትንኮሳ

እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ በአሠሪዋ ወይም በኃላፊዋ የተተነኮሰች ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ማይክሮፋይናንስ ውስጥ አደጋው ከሦስት ወገን ይመጣል፦ ከአለቃ፣ ከደንበኛ፣ ብድር እንዲሰጥ ከሚጫን የአካባቢ ሹም። ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታ ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ውጭ ይሁን፣ ምክንያቱም ተከሳሹ እሱ ሊሆን ይችላል። በዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች፣ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር በየቅርንጫፉ ይለጠፉ። ቅሬታ ያቀረበችውን "ለደህንነቷ" ብሎ ማዛወር ይቁም፤ የሚዛወረው ተከሳሹ ነው።

10. የደንበኞችን ብድር መጠን ተመልከቱ

ውስጡን ሳታዩ ውጭውን አታሻሽሉም። ብራዚል ላይ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሴቶችና ወንዶች ብድር የማግኘት ዕድላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ የሚጠየቀው ብድር ከፍ እያለ ሲሄድ ለሴቶቹ የሚፈቀደው መጠን ከወንዶቹ እያነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። እኛም አገር በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረውና በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ገንዘብ ያቀረበው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮጀክት የተነሣው ከዚሁ ክፍተት ነው፤ የቡድን ብድር ያነሳቸው፣ ባንክ ደግሞ ማስያዣ የሚጠይቃቸው ሴት ነጋዴዎች መሐል ላይ ቀርተው ነበር።

በየሩብ ዓመቱ የተጠየቀውንና የተፈቀደውን መጠን በጾታ ለዩ። ወንዱ 100 ሺህ ጠይቆ 95 ሲፈቀድለት ሴቷ ተመሳሳይ ንግድና ተመሳሳይ የክፍያ ታሪክ ይዛ 60 ከተፈቀደላት፣ ኮሚቴው ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። መጻፍ ሲገደድ ብዙ ጊዜ ራሱ ያርመዋል።

11. ለቦርዱ አንድ ገጽ

በየሩብ ዓመቱ አንድ ገጽ ብቻ አቅርቡ፦ የሴቶች ድርሻ በየእርከኑ፤ የገቡ፣ የወጡና ያደጉ ሴቶችና ወንዶች፤ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሰው በ12ኛው ወር ሥራ ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ፤ በወሊድ ርክክብ ላይ ያሉ ብድሮች ፓር፤ በተስተካከለው አሰላል የባለሙያዎች ፓር፤ የተጠየቀና የተፈቀደ ብድር በጾታ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እርከኑ በአንድ ዓመት ይቀየራል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቦታ የሚከፈተው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መንቀሳቀስ ያለበት ከወሊድ መልስ የመቆየት ቁጥሩና የርክክብ ፓሩ ነው።

ሁለት የበጀት ዓመት አልፎ የሥራ አስኪያጅ እርከኑ ካልተነቃነቀ ያለፉትን የእድገት ውድድሮች ፋይል አውጡ። ሴቶች አመልክተው ወድቀው ከሆነ ችግሩ መመዘኛው ወይም ኮሚቴው ዘንድ ነው፤ የነጥብ አሰጣጡን ወረቀት በወረቀት ተመልከቱ። አመልክተው ካልነበረ ደግሞ ብቁ የነበሩትን ሴቶች በስም ለዩና አንድ በአንድ አነጋግሯቸው፤ አነጋጋሪው የቅርብ አለቃቸው አይሁን። ለምን እንዳላመለከቱ የሚነግሯችሁን ነገር በሚቀጥለው የዝውውር መመሪያ ማሻሻያ ላይ አስገቡት፣ ማሻሻያውም ቀጣዩ ክፍት ቦታ ከመለጠፉ በፊት ይጽደቅ።